ከቀለሙ በፊት ጠርዙ
ኦስሎ ውስጥ የምሠራቸው መደርደሪያዎች የበርች ኮምፔንሳቶ ናቸው። ገጹ አያስቸግርም፤ ጣጣው ጠርዙ ላይ ነው። የተደራረቡት ስስ እንጨቶች ጫፋቸው ክፍት ስለሆነ ቀለሙን ምጥጥ ያደርጉታል። ስለዚህ ጠርዙን አስቀድሜ በእንጨት ስቱኮ እደፍነዋለሁ፤ ሲደርቅ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ። ከዚያ ፕራይመር። በውሃ የሚቀጥነው የእንጨቱን ጭረት ያስነሳል፤ እጅ ሲያልፍበት ይቆረቁራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በ240 ቀለል አድርጎ ማሸት፣ አቧራውን ጠርጎ ፕራይመሩን መድገም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1926 ሳንደፍዮርድ የተመሠረተው የዮቱን ኩባንያ ቀለም በብዙ መደብሮች ይገኛል፤ የትኛውንም ብትገዙ የጣሳውን ጽሑፍ አንብቡ። በብርዱ ወራት ደግሞ ማሞቂያ በሌለው ምድር ቤት አትቀቡ፤ ብዙዎቹ በውሃ የሚቀጥኑ ቀለሞች ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይደርቁም።