ግድቡና ማሳው የሚገናኙበት መስመር፦ የመሬት ገጾች በኮምፒውተር ንድፍ ላይ እንዴት ይገጣጠማሉ?

የመስኖ ግድብ ወይም የገጠር መንገድ ከመጀመሩ በፊት ቀያሾች ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክለው፣ ችካል እየቸከሉና ቁጥር እየመዘገቡ ሲውሉ ማየት ለአርሶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ወራት ቆይቶ ከማሳው ምን ያህሉ ለሥራው እንደሚፈለግ ይነገረዋል። በመሐል ያለው ዋና ሥራ ግን በቢሮ ውስጥ፣ በኮምፒውተር ላይ የሚከናወን ነው። መሐንዲሱ የዛሬውን መሬትና ነገ የሚገነባውን አካል በአንድ ምስል ላይ ያገጣጥማል። የሚለቀቀው መሬት ስፋትም ሆነ ለተቋራጩ የሚከፈለው የቆረጣና ሙሌት ሥራ የሚሰላው ከዚህ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ባለማሳውም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ አውቶካድ ሲቪል ስሪዲ ነው። ሶፍትዌሩ መሬቱን አያውቀውም፤ የሚሰጠው ነጥብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ ወደ ምሥራቅ ያለው ርቀት፣ ወደ ሰሜን ያለው ርቀትና ከፍታው። ጎረቤታም ነጥቦች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይያያዙና መሬቱ በሦስት ማዕዘኖች መረብ ይሸፈናል። ሦስት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለሦስት እግር በርጩማ ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይም እንደማይንገዳገድ ሁሉ፣ ሦስት ነጥቦችም ምንጊዜም አንድ ልሙጥ ገጽ ላይ ያርፋሉ። የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ የሚወስነው ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ሕግ ነው። በሦስቱ ነጥቦች ላይ በሚያልፈው ክብ ውስጥ አራተኛ ነጥብ መገኘት የለበትም ይላል፤ በዚህም ቀጫጭንና ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች እንዳይበዙ ያደርጋል።

ይህ ሕግ ግን ቦረቦርን አያውቅም። ቀያሹ የቦረቦሩን ወዲህና ወዲያ ዳርቻ ብቻ ለክቶ ወለሉን ከዘለለው፣ መረቡ ከዳር እስከ ዳር እንደ ድልድይ ይዘረጋል፤ በምስሉም ላይ ቦረቦሩ በአፈር የተሞላ ሜዳ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የቦረቦር ጠርዝና ወለል፣ የእርከን አፋፍ፣ የወንዝ ዳርቻና የነባር ቦይ ግራና ቀኝ እንደ መስመር ተለክተው መግባት አለባቸው። ሦስት ማዕዘኖቹ እነዚህን መስመሮች እንዳይሻገሩ ሶፍትዌሩ ይታዘዛል። ቀያሹ ለአካባቢው እንግዳ ሲሆን፣ አርሶ አደሩ የማሳውን እያንዳንዱን ስርጉድ ያውቃል። በልኬት ቀን ሣር የሸፈነውን ቦይ ወይም በክረምት ብቻ ውኃ የሚወርድበትን ፈፋ ማሳየት ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። በድሮን የሚነሳ ምስልም የራሱ ወጥመድ አለው። ካሜራው የሚያየው የሰብሉን ጫፍ በመሆኑ፣ በቆሎ ቆሞ ሳለ የተነሳ ምስል ካልታረመ መሬቱን በበቆሎው ቁመት ያህል ከፍ አድርጎ ያቀርበዋል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ መለካት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ገጽ የንድፉ ነው፦ የግድቡ አናት፣ ተዳፋት ጎኖቹ፣ የቦዩ ወለል። ሁለቱን ለማገጣጠም መሐንዲሱ ሦስተኛ ባዶ ገጽ ይከፍታል። መጀመሪያ የተፈጥሮውን መሬት፣ ቀጥሎ ንድፉን ይለጥፍበታል፤ ልብስ ሰፊ በሸማ ላይ እራፊ እንደሚጥል ማለት ነው። ሁለቱ በሚደራረቡበት ቦታ የሚጸናው በመጨረሻ የተለጠፈው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የተፈጥሮ መሬቱ ግድቡን ይሸፍነውና ግድቡ ከምስሉ ይጠፋል። ጀማሪዎች ንድፉን በቀጥታ በመጀመሪያው የመሬት ገጽ ላይ የሚለጥፉበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ለማነጻጸሪያ የሚሆን የቀድሞ መሬት ስለማይቀር ቆረጣና ሙሌቱን ማስላት አይቻልም።

ለባለማሳው ከሁሉ የሚያሳስበው የእራፊው ጠርዝ ነው፤ ይህም የግድቡ ወይም የመንገዱ ተዳፋት ወርዶ የተፈጥሮ መሬቱን የሚነካበት መስመር ነው። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሙሌት በሜዳ ላይ ይሠራል እንበል። ጎኑ አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር 2 ሜትር ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ፣ ከአናቱ ጠርዝ 8 ሜትር ርቆ መሬት ይነካል። መሬቱ በእርግጥ በምስሉ ላይ ከሚታየው 1 ሜትር ዝቅ ያለ ቢሆን ግን ሙሌቱ 5 ሜትር ይሆንና ጎኑ 10 ሜትር ይዘረጋል። ልዩነቱ 2 ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን በ1 ኪሎ ሜትር ርዝመት በአንድ ጎን ብቻ 2 ሺህ ካሬ ሜትር ይወጣዋል፤ ይህም በብዙ አካባቢ ሩብ ሄክታር የሚገመተው ጥማድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሬት ነው። ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ መሬት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን ከሚለቀቀው ይዞታና በላዩ ካለው ንብረት ጋር ያያይዛል። በወረቀት ላይ የጠበበ ጠርዝ ሥራው ሲጀመር ካሳ ወዳልተከፈለበት ማሳ የሚገባው እንዲህ ነው።

ውኃም አንድ ገጽ ነው፤ ያውም ከሁሉ የቀለለው፣ በአንድ ከፍታ የተዘረጋ ልሙጥ ገጽ። ከተፈጥሮ መሬቱ ጋር ሲገጣጠም የሐይቁ ዳርቻ በአንድ የተዘጋ መስመር ይወጣል። መስመሩ ሳይዘጋ የሚቀርበት ቦታ ካለ ውኃው በዚያ ያመልጣል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል። ከዋናው ግድብ ጎን ያለው መሬት ከዚህ ከፍታ በታች ዝቅ የሚልበት ሰፊ ኮርቻ ስላለ፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና እስከ 50 ሜትር ከፍታ ያለው የኮርቻ ግድብ ተሠርቶለታል። በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ መስኖ ግድብም በዚሁ ምክንያት የኮርቻ ግድብ አለው።

ገጾቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ሶፍትዌሩ አሮጌውን ገጽ ከአዲሱ ይቀንሳል። አዲሱ ዝቅ ባለበት ቆረጣ፣ ከፍ ባለበት ሙሌት ይሆናል። በዚህ ስሌት ትንሽ የምትመስል የከፍታ ስህተት ብዙ ገንዘብ ናት። በ1 ሄክታር ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ስህተት 1 ሺህ ሜትር ኪዩብ አፈር ማለት ነው፤ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ60 በላይ ምልልስ ይጠይቃል። በዚያ ላይ የተቆፈረ አፈር ያብጣል፣ የተጠቀጠቀ አፈር ደግሞ ይኮማተራል፤ ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው ሰው ከነገረው ብቻ ነው።

ሁለት ገጾች ጨርሶ የማይገናኙበት አጋጣሚም አለ። በአገራችን የቆዩት 1፡50,000 ካርታዎች የተዘጋጁት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። አንድ ቦታ በሁለቱ መነሻዎች ሲገለጽ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ሳይለወጡ የተለጠፉ ገጾች ግድቡን ከሸለቆው አንስተው ኮረብታ ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ያለው ስህተት በዓይን ስለሚታይ ቶሎ ይታረማል። የሚያሰጋው የከፍታ ልዩነት ነው፤ ጂፒኤስ ሳይታረም የሚሰጠው ከፍታና ከባሕር ጠለል የሚቆጠረው ከፍታ አንድ አይደሉም፤ ምስሉ ግን ያማረ ሆኖ ይታያል። ጠንቃቃ መሐንዲስ መጋጠሚያውን በየቦታው አቋርጦ ከጎን የሚመለከተው ለዚህ ነው። በጠርዙ ላይ ድንገተኛ ገደል ወይም መሬት ሳይነካ የቀረ ተዳፋት ካየ አንዱ ገጽ ተሳስቷል።

ሥራው ሲጠናቀቅ መሬቱ እንደገና ይለካል፤ የተሠራው ገጽ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ተነጻጽሮም የመጨረሻው ክፍያ ይወሰናል። ሁለቱ ልኬቶች የሚገናኙት በመስክ ላይ በሲሚንቶ በተተከሉት ቋሚ የከፍታ ምልክቶች አማካይነት ነው። ከብት የገፋው፣ እረኛ የነቀለው ወይም ለአጥር የተወሰደ ምልክት ወደ ቦታው ተመልሶ ቢተከል እንኳ ከፍታው የቀድሞው አይሆንም። ተነቅሎ ሲገኝ መልሶ ከመትከል ይልቅ ለቀበሌው ወይም ለፕሮጀክቱ ቀያሽ ማሳወቅ ይገባል፤ ቀያሹ ከሌሎች ምልክቶች ተነስቶ አዲስ ከፍታ ይሰጠዋል።