በሣር መካከል የሚበቅለው እንጉዳይ፡ ለመስኩ ጥቅም፣ ለበላተኛው ግን ስጋት

ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ውኃ ሲጠግብ በግጦሽ መስክ፣ በቤት ደጃፍና በትምህርት ቤት ግቢ ሣር ውስጥ ትናንሽ እንጉዳዮች ብቅ ይላሉ። ማታ ያልታየው ጠዋት በቅሎ ይገኛል፤ ፀሐይ ሲበረታበት ደግሞ ጠውልጎ ይወድቃል። በተለምዶ “የጅብ ጥላ” የሚባሉት እነዚህ እንጉዳዮች ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳሉ። ሣሩን ይጎዳሉ ወይ? ይበላሉ ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚያረጋጋ ነው፤ የሁለተኛው ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ሣሩን አይጎዳም

እንጉዳይ የፈንገስ ወገን እንጂ ተክል አይደለም። እንደ ሣር በፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም። ከመሬት በላይ የሚታየው ቆብና እግር ዘር የሚበትንበት ክፍሉ ብቻ ሲሆን፣ ዋናው አካሉ አፈር ውስጥ እንደ ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው። ይህ ክር የሞተ የሣር ሥርን፣ እበትንና የተቀበረ ጉቶን እያበሰበሰ ይመገባል። በዚህ ሂደት የሚለቀቀው ናይትሮጅን ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

በአንዳንድ መስኮች እንጉዳዮች ክብ ሠርተው ሲበቅሉ፣ በክቡ ላይ ያለው ሣር ከሌላው ይልቅ ለምልሞ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሩ ያልተበላ ምግብ ወዳለበት ስለሚያድግ ክቡ ከዓመት ዓመት ወደ ውጭ ይሰፋል። አልፎ አልፎ ክሩ ሲጠቀጠቅ ውኃ እንዳይሰርግ ያግድና ሣሩን በቀለበት መልክ ያደርቀዋል። በዚህ ጊዜ አፈሩን በመቆፈሪያ በሳስቶ ውኃ ማጠጣት ይረዳል።

ስለሆነም በግጦሽ መሬት ላይ እንጉዳይ ታየ ብሎ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ለመግዛት መቸኮል አይገባም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ግን እንጉዳዩን በየጠዋቱ ለቅሞ መቅበር ተገቢ ነው። ክሩ አፈር ውስጥ ስለሚቀር ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ለቀማውም ዝናቡ እስኪያባራ መቀጠል አለበት።

ስጋቱ ማዕድ ላይ ነው

ሐምሌና ነሐሴ የብዙ አርሶ አደር ጎተራ የሚሳሳበት ወቅት ነው። የፍልሰታ ጾምም በነሐሴ ስለሚውል፣ በየሜዳው የበቀለ እንጉዳይ ለጾም ወጥ የሚሆን ሊመስል ይችላል። በምስጥ ኩይሳ ላይና ዙሪያ የሚበቅሉ፣ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚበሉ እንጉዳዮች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖረው የማጃንግ ሕዝብም የጫካ እንጉዳይን ለይቶ የመመገብ የቆየ ዕውቀት አለው። ይህ ዕውቀት ግን ለዚያ አካባቢና ለእነዚያ ዝርያዎች ነው፤ በሌላ ቦታ ለተገኘ መሳይ እንጉዳይ ዋስትና አይሆንም።

በሣር ውስጥ የሚበቅሉ ትናንሽ ቡናማና ነጭ እንጉዳዮችን በዓይን መለየት ለተመራማሪዎች ጭምር አዳጋች ነው። በአውሮፓ የሣር መስኮች የሚበላው ማራስሚየስ ኦሬያደስና መርዛማው ክሊቶሳይቤ ሪቩሎሳ ጎን ለጎን በቅለው ይገኛሉ። መርዛማውን የበላ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላብ ያጠምቀዋል፤ ምራቁና እንባው ይፈስሳል።

ከዚህ የከፋው አማቶክሲን የተባለው መርዝ ነው። ቆቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ኮኖሳይቤ ፊላሪስ የተባለ የሣር እንጉዳይ ይህን መርዝ ይይዛል። ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ የሚሆን አማቶክሲን ሊገድል ስለሚችል ሕፃናት የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። መርዙ በመቀቀልም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም። እንስሳ ወይም ትል በላው ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ሰውን የሚገድለውን መርዝ ተቋቁመው የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ። የብር ጌጥ ወይም ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቀቅሎ ቀለሙን ማየት በብዙ አገሮች የሚነገር ቢሆንም መርዝን አይለይም።

“ተሽሎታል” የሚያሰኘው ቀን

አማቶክሲን የበላ ሰው ወዲያው አይታመምም። ማስታወክና ብርቱ ተቅማጥ የሚጀምረው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ከዚያ ሕመሙ ጋብ ይልና በሽተኛው የዳነ ይመስላል። ጉበቱ የሚጎዳው ግን በዚሁ ጊዜ ነው። ቤተሰብ “ተሽሎታል” ብሎ ከጤና ጣቢያ ይዞት ከተመለሰ ሕይወቱን የማትረፊያው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው ሻል ቢለውም ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። አብረው የበሉ ሁሉ ባይታመሙም አብረው ይሂዱ። ከእንጉዳዩ የተረፈውን በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ፣ መቼ እንደተበላም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ፌስታል እንጉዳዩን ስለሚያበሰብሰው አይመከርም።

የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ይህን መልእክት በክረምቱ መግቢያ በጤና ኤክስቴንሽንና በግብርና ባለሙያዎች በኩል ለየጎጡ ማድረስ ይችላሉ። በተለይ ከብት ጠባቂ ልጆችና ተማሪዎች በሜዳ ያገኙትን እንጉዳይ እንዳይቀምሱ ሊነገራቸው ይገባል።

እንጉዳይ መብላት ለሚሻ አስተማማኙ መንገድ ከታወቀ ዘር ማምረት ነው። ኦይስተር የተባለው ዝርያ በስንዴና በጤፍ ጭድ ወይም በበቆሎ አገዳ ላይ ይበቅላል። ጭዱ ተዘፍዝፎ በሙቀት ከጸዳ በኋላ ከዘሩ ጋር ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይሞላል፤ ጥላና እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥም ይቀመጣል። ምርቱ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ጭድ ለኮምፖስት ስለሚውል ለማሳውም ይተርፋል። ሰፊ መሬት ስለማይጠይቅ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ማኅበራት አመቺ ነው። ወረዳዎችም ዘሩን ከታመነ አቅራቢ በማስመጣትና ሥልጠና በመስጠት ሊያግዟቸው ይችላሉ።