ኳስ ከእግር ከወጣች በኋላ ማን ይገፋታል?

ለመሆኑ ኳስ ከእግር ከተለየች በኋላ ወደፊት የሚገፋት ምንድነው? «የመቺው ጉልበት ነዋ!» የሚል ብዙ ነው። ፊዚክስ ግን በዚህ አይስማማም።

እስቲ በሞባይል ወይም በኮምፒዩተር አንድ ክብ ሳሉ። ክቧ አየር ላይ ያለች ኳስ ትሁን። አሁን የሚያርፉባትን ኃይሎች በቀስት እናሳይ። የቀስቱ ርዝመት የኃይሉን መጠን፣ ጫፉ ደግሞ አቅጣጫውን ይናገራል። አንደኛው ቀስት ወደታች ነው፤ የኳሷ ክብደት። ሁለተኛው ወደኋላ ነው፤ አየሩ ሲይዛት። ሦስተኛው ኳሷ ከተሽከረከረች የሚመጣ ሲሆን ከመንገዷ ወደ ጎን ይጎትታታል፤ ባለሙያዎች በጀርመናዊው ሳይንቲስት ስም ማግነስ ይሉታል። በቃ! ወደፊት የሚያመለክት ቀስት የለም። እግር ሥራውን የጨረሰው በመታት ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲህ ኳሷ የምትጓዘው በያዘችው ፍጥነት ነው።

በቴሌቪዥን ጎል ሲደገም የሚሰመረው መስመር ኳሷ የሄደችበትን መንገድ ብቻ ያሳያል። ለምን እንደታጠፈች የሚነግረን ቀስቱ ነው። ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1997 ሊዮን ላይ ፈረንሳይን ከ35 ሜትር ገደማ ሲቀጣ ባርቴዝ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ኳሷ ወደ ውጭ የምትወጣ መስላ የተመለሰችው በዚያ በጎን ቀስት ጉልበት ነው።

አሁን ሥዕሉን ኮፒ አድርጉና ወደ ጉለሌ አምጡት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ እዚያ 5 ሴንቲ ሜትር የሳልናቸውን ሁለቱን የአየር ቀስቶች እዚህ ወደ 4 ማሳጠር ነው። የክብደቱ ቀስት ግን አይነካም። ውጤቱስ? በአንድ ዓይነት ምት ኳሷ እዚህ ትረዝማለች፣ ፍጥነቷ ቶሎ አይሞትም፣ የምትታጠፈውም ትንሽ ነው።

ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ኢንተርናሽናል ጨዋታ አይደረግ ብሎ ነበር፤ በኋላ አነሳው። ያኔ ክርክሩ ስለ ተጫዋች ሳንባ ነበር። ስለ ኳሷ ሳንባ ያነሳ ግን ጥቂት ነው!

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያን በአዲስ አበባ ሲገጥሙ በኃይሉ አሰፋ ያሻማት ኳስ ቪንሰንት ኤንዬማን አልፋ መረብ ላይ አረፈች። ዕድል ነው? የበረኛው ስህተት ነው? ወይስ አየሩ? አንዲት ጎል ብቻ ይዞ ለመፍረድ ይከብዳል። ነገር ግን ዓይኑ የቆላ ኳስ የለመደ በረኛ እዚህ መጥቶ ቢቸገር አይፈረድበትም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ያን ጨዋታ 2ለ1 ተሸንፈን መልሱን ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነችው ካላባር አደረግን፤ 2ለ0 ተሸነፍን። ሽንፈቱን በአየር ማሳበብ አይቻልም፤ ናይጄሪያ ናይጄሪያ ናት። ይሁን እንጂ በቀጭን አየር ያደገ አሻሚ ቆላ ሲወርድ በለመደው ምት ኳሷ ታጥርበታለች፣ ከለመደው በላይም ትታጠፍበታለች። አሠልጣኞቻችን ስለ ሙቀቱና ስለ ትንፋሹ ሲያስቡ ለእነዚህ ሦስት ቀስቶችም የአንድ ቀን ልምምድ ቢሰጡ ምን ይመስላችኋል?