የጃዝ ሙዚቀኞችና አዲሱ ስማቸው

ከቀድሞዎቹ የአሜሪካ ጃዝ ሙዚቀኞች መካከል አሕመድ፥ ዩሱፍና አብዱላህ የሚባሉትን ስታገኙ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አትቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ1920 ሙፍቲ መሐመድ ሳዲቅ የተባሉ የአሕመዲያ ማኅበር መልእክተኛ በአሜሪካ እስልምናን መስበክ ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርቱ አያሌ ጥቁር ሙዚቀኞችን ሳበ። በፒትስበርግ ከተማ የተወለደው ፒያኖ ተጫዋች ፍሬዴሪክ ራስል ጆንስ አሕመድ ጀማል ተባለ፤ ከበሮ መቺው አርት ብሌኪም አብዱላህ ኢብን ቡሃይና የሚል ስም ወሰደ።

ስም መለወጡ ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ጥቁሮች ይጠሩበት የነበረው የቤተ ሰብ ስም አያቶቻቸውን በባርነት ከገዙት ሰዎች የመጣ ነበርና። በዚያን ጊዜ በቀለሙ ምክንያት ከሆቴል ደጅ ለሚመለስ ሰው፥ አዲሱ ስም የሃይማኖት ምልክት ብቻ ሳይሆን የክብሩም ማስመለሻ ነበረ።

ነገሩ ከዜማውም ደረሰ። ሳክስፎን ነፊው ዩሱፍ ላቲፍ ጆሮውን ወደ ምሥራቅ አዘነበለ፤ አርጉል የተባለውን ባለ ሁለት ቱቦ የግብጽ የሸምበቆ መሣሪያ በጃዝ ውስጥ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1961ም «የምሥራቅ ድምፆች» የተባለውን ሸክላ አስቀረጸ። ሆኖም ጃዝ የሚለውን ቃል ለሙዚቃው እንደማይገባ ቆጥሮ አልተቀበለውም። የራሱን ስም የመረጠ ሰው የሙዚቃውን ስም ሌላ እንዲያወጣለት አይፈቅድምና።