መከራ ያየች እናት፣ የልጇ ኮርቲሶል

ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ጠዋት ከነቃን ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ከፍ ይላል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ያንሳል። ድንጋጤ ሲመጣ ግን ሰዓት አይጠብቅም፤ ለሽሽትም ለትግልም የሚሆን ስኳር በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። አደጋው ሲያልፍ አንጎልን «ይብቃ» የሚለውም ራሱ ነው።

ታዲያ መከራ ያየ ሰው ኮርቲሶሉ መብዛት አልነበረበትም? እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ግን ሌላ አሳየ። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ በምኅጻሩ ፒቲኤስዲ፣ የያዛቸው የቬትናም ዘማቾች ሽንት ውስጥ የተገኘው ኮርቲሶል ከአብዛኞቹ ሌሎች የአእምሮ ሕሙማን ያነሰ ነበር። በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የምትሠራው ተመራማሪ ሬቸል የሁዳም ከናዚ ጭፍጨፋ በተረፉ ሕሙማንና በልጆቻቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘች። ልጆቹ ግን ያደጉት በእነዚያው ወላጆች እጅ ነው፤ አስተዳደጉ ይሁን ማሕፀኑ መለየት አልተቻለም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ የሽብር ጥቃቱ ሲደርስ በአካባቢው የነበሩ 38 ነፍሰ ጡሮች ፍንጭ ሰጡ። ልጆቹ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እናቶቹ ጠዋት ሲነቁና ማታ ሲተኙ ከራሳቸውም ከሕፃናቱም ምራቅ ሰበሰቡ። ፒቲኤስዲ የያዛቸው እናቶች ኮርቲሶል ዝቅ ያለ ነበር፤ የልጆቻቸውም እንዲሁ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ጥቃቱ ሲደርስ እርግዝናቸው በመጨረሻው ሦስት ወር ላይ በነበረ እናቶች ልጆች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ፍጅት ወቅት ነፍሰ ጡር በነበሩ 25 እናቶችና በልጆቻቸው ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል።

መከራው በቀጥታ የደረሰባቸው ልጆች ነገር ይለያል። ከሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ወደ ካናዳ በጉዲፈቻ ከሄዱት መካከል ከስምንት ወር በላይ በማሳደጊያ የቆዩት፣ ከስድስት ዓመት በኋላም ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ነበር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሆርሞኑ መጀመሪያ ይንርና ጊዜ ሲረዝም ይወርዳል ይላሉ።

«መከራ ይወረሳል» የሚለው አርዕስት ግን ከማስረጃው በላይ ይጮኻል፤ 38 እና 25 እናቶች ያን ያህል አይሸከሙም። ጥፋቱን በእናት ላይ መለጠፍማ ጭራሽ ተገቢ አይደለም፤ የአባቶች ድርሻ ገና በቅጡ አልተጠናም። ደግሞም ተስፋ አለ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አሊሺያ ሊበርማን በሳን ፍራንሲስኮ እናትንና ልጅን አንድ ላይ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ስታክም፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ያዩ ሕፃናት የሕመም ምልክት ቀንሷል።

እስካሁን ፒቲኤስዲን በኮርቲሶል ምርመራ ማወቅ አይቻልም። ሐኪሙ የሚመረምረው ልጁንም እናቱንም አነጋግሮ ነው።