ስህተቱ የተደበቀ ሙያ

ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ክሊኒክ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ማስነቀል ወይም «ነርቩን ማስወጣት»። ሁለተኛው በሙያው ስሙ የጥርስ ሥር ህክምና፣ በክሊኒክ አፍ ደግሞ ሩት ካናል ይባላል። በጥርስ መሀል ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ከጥርሱ አናት ተነስቶ በቀጭን ቦይ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ጥርስ ሲቦረቦር ጀርሞች እዚያ ይገባሉ፤ ሥጋው ይመረቅዝና ይሞታል፤ ኢንፌክሽኑም በሥሩ ጫፍ አልፎ አጥንቱ ውስጥ መግል ይቋጥራል። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ጠርጎ፣ ቦዩን አጥቦና አስፍቶ፣ ከዛፍ ፈሳሽ በሚሠራ ጉታፐርካ በሚባል ነገር ይደፍነዋል። ሥራው ረቂቅ ነው፤ ማስተማሩን ከሁሉ በላይ የሚያከብደው ግን ይህ አይደለም። ትልቁ ችግር ሥራው የሠሪውን ስህተት መደበቁ ነው።

ልብስ ሰፊ የተጣመመ ስፌቱን እዚያው ያየዋል፤ አናጢም በሩ አልገጥም ሲለው የት እንደተሳሳተ ያውቃል። የጥርስ ሥር የሚያክም ሐኪም ግን ይህ ዕድል የለውም። የታመመው ሥጋ ከወጣና የታመቀው ግፊት ከተነፈሰ ሕመሙ በአብዛኛው ይተዋል። ቦዩ በደንብ ቢጸዳም፣ ግማሹ ሳይነካ ቢቀርም ታካሚው አመስግኖ ይሄዳል። ቦዩ ውስጥ የቀሩት ጀርሞች ሥራቸውን የሚሠሩት ቀስ ብለው ነው፤ አጥንቱ ያለ ምንም ሕመም ለዓመታት ሊበላ ይችላል። ጥርሱ ዳግም ሲያብጥ ታካሚው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ሐኪም ግን ያንን ጥርስ እስከ ዛሬ ከተሳኩለት ጋር ይቆጥረዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ልምድ ብቻውን አያስተምርም። ሃያ ዓመት የሠራ ሐኪም አንድን ስህተት ሃያ ዓመት ሲደጋግም ሊኖር ይችላል። ትምህርት ቤቱ ያለበት ዋና ግዴታም ከዚህ ይነሳል፦ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ስህተቱን በዓይኑ የሚያይበትን መንገድ ማዘጋጀት።

ይህ በግምት የሚባል አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች፣ በጥንቃቄና በክትትል የተሠሩ የሥር ህክምናዎች ከመቶ ሰማንያና ዘጠና በላይ የሚሆኑት እንደሚሳኩ ጥናቶች ያሳያሉ። በሌላ በኩል በልዩ ልዩ አገሮች ከሕዝቡ መሀል ሰዎች ተመርጠው ራጅ ሲነሱ፣ ሥራቸው ከታከሙ ጥርሶች ሲሦ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሥራቸው ጫፍ የአጥንት ቁስል ይገኝባቸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ተገቢ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። አንድ ጊዜ የተነሳ ራጅ እየዳነ ያለን ቁስል ከማይድነው አይለይም፤ የክፍያው ማነስና የሰዓቱ ጥበት፣ ጥርሱ ላይ መሸፈኛ ቆብ (ክራውን) አለመደረጉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ግን ልዩነቱ አይጠፋም። በነዚያው ራጆች ላይ ሙሌታቸው አጭር የቀረ ወይም የሳሳ ጥርሶች በብዛት ቁስል ያለባቸው ሆነው መገኘታቸው፣ የእጅ ሥራው ጥራት ከውጤቱ ጋር መያያዙን ያስረዳል።

ተማሪው ታካሚ ከመንካቱ በፊት የሚማረው በተነቀለ ጥርስ ላይ ነው። ከፊቱ ያለው አሥር ቁጥር ፋይል ጫፉ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ የሚወፍር የብረት መርፌ ነው። በሁለት ጣት ይዞ፣ ሰዓት እንደሚሞላ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ እያዞረ ወደ ቦዩ ያወርደዋል። በራጅ ላይ ከሚታየው የሥር ጫፍ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቆም አለበት። ቢያጥር ጀርም ይቀራል፤ ቢረዝም ቆሻሻውን ወደ አጥንት ይገፋል። ቦዩ ከታጠፈና ተማሪው በኃይል ከገፋ ፋይሉ መታጠፊያውን ትቶ ግድግዳውን ይቧጥጣል፤ እዚያ ትንሽ እርከን ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፋይል እየሄደ የሚያርፈው እርከኑ ላይ ነው። በሰው አፍ ውስጥ ይህን ማየት አይቻልም። ስለዚህም ተማሪዎች መጀመሪያ የታጠፈ ቦይ በተቀረጸበት እንደ መስታወት በሚያሳልፍ የሬዚን ጡብ ላይ ይለማመዳሉ። ቦዩ ቀለም ስለሚሞላበት ፋይሉ ከመስመር የወጣበት ቦታ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዚህም የሚበልጠው የተማሪውን ሥራ በራሱ በጥርሱ ላይ ማሳየት ነው። የታከመው ጥርስ ማዕድኑ እስኪሟሟ ለቀናት በቀላል ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአልኮል ውሃው ይወጣለታል፤ በመጨረሻም ሜቲል ሳሊሲሌት ውስጥ ይነከራል። ይህ ፈሳሽ ለጡንቻ ሕመም በምንቀባቸው ቅባቶች የምናውቀው ኃይለኛ ሽታ ያለው ነው። ጥርሱ እዚያ ውስጥ ቀስ በቀስ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ተማሪው የሞላው ጉታፐርካም ከነጉድለቱ ወለል ብሎ ይታያል። ሳይነካ የቀረ ጎን፣ በሙሌቱ መሀል የቀረ ባዶ ቦታ፣ ጨርሶ ያልተገኘ ቦይ አለ። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሥሩ ሦስት ነው፤ ቦዩ ግን ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ አራት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው አራተኛው ነው። ዋልተር ሄስ የተባለው የዙሪክ ተመራማሪ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥርሶች ቦይ ውስጥ ጎማ አስገብቶ፣ ጥርሱን አሟሙቶ፣ የቦዮቹን ቅርጽ አሳይቷል። ያገኘው የቀጥታ ቱቦ መልክ አልነበረም፤ እየተገናኘ የሚለያይ፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣ መረብ ነበር። በመጽሐፍ ሥዕል ይህን ማየት አንድ ነገር ነው፤ «ጨረስኩ» ባሉት ጥርስ ውስጥ ማየት ግን እጅንም ልብንም የሚለውጥ ትምህርት ነው።

አሁን አሁን ከፕላስቲክ የታተሙ ጥርሶች የተነቀለውን ጥርስ እየተኩ ነው። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥርስ ማቅረባቸው ፈተናውን ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ የተነቀለ ጥርስ ከመሰብሰብና ከጀርም ከማጽዳትም ድካም ያድናሉ። ነገር ግን ፕላስቲክ ሲፈገፈግ ለጣት የሚሰጠው ስሜት የጥርስ አይደለም። ለጅማሬ ይጠቅማሉ፤ የመጨረሻውን ልምምድ ግን የሰው ጥርስ ቢይዘው ይሻላል።

ከባዱ ተቃውሞ የመሣሪያ ነው። ከ1988 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ፋይሎች መጥተዋል፤ ከብረቱ ይልቅ ይለምጣሉ፤ በሞተር እየዞሩ የታጠፈውን ቦይ ተከትለው ይወርዳሉ። የቦዩን ርዝመት በኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ማይክሮስኮፕ አለ። ታዲያ ያን ሁሉ የእጅ ልምምድ ምን አመጣው? መሣሪያዎቹ በእርግጥ ጠቅመዋል፤ እርከን የመፍጠር ስህተትን ቀንሰዋል። ሆኖም ሞተሩ መንገድ የሚያሰፋው ቀድሞ በእጅ በተከፈተለት ቦይ ነው፤ ያልተገኘውን አራተኛ ቦይ አይፈልግም። ቅይጡ ፋይል ሲደክም የሚታይ ምልክት ሳያሳይ ሊሰበርና ቦዩ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ደግሞም ፋይል መንገድ ይከፍታል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ ያንን የሚሠራው ሐኪሙ በትዕግሥት የሚያጥብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ውሁድ መሆኑ ነው። በ1965 ዓ.ም (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመው ታዋቂው የአይጦች ሙከራ ጉዳዩን ከሥሩ ይነግረናል። ጥርሳቸው ተበስቶ ሥጋው ከተጋለጠ አይጦች መካከል ከጀርም ነጻ ሆነው ያደጉት ቁስሉ ዳነላቸው፤ ተራዎቹ ግን መረቀዘባቸው። ለውጤቱ ዋናው ጀርም ነው፤ ጀርምን ደግሞ ማንም ሐኪም በዓይኑ አያየውም።

ቀጥሎ ተማሪው ወደ ታካሚ ይሻገራል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተማሪው ይህን ያህል ጥርስ ጨርስ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ኮርሱ አለቀ። ቁጥር መጠየቁ ክፉ አይደለም፤ እጅ በድግግሞሽ ይፈታል። ግን ቁጥር መጨረስን ይለካል እንጂ መዳንን አይለካም። የአውሮፓ የሙያ ማኅበር መመሪያ ጥርሱ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ በራጅ እንዲታይ፣ ካስፈለገም እስከ አራት ዓመት ክትትል እንዲደረግ ያዛል። ተማሪ ግን ዓመት ሳይሞላ ሌላ ክፍል ይገባል ወይም ይመረቃል። በአሜሪካ የዘርፉ ስፔሻሊቲ ቢያንስ 24 ወር የሚፈጅ በመሆኑ ሬዚደንቱ ያከማቸውን ታካሚዎች እንደገና የማየት ዕድል አለው፤ የስፔሻሊስቱ ብልጫ አንዱ ምንጭ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቅድመ ምረቃ ተማሪም ቢሆን መፍትሔ አይጠፋም፤ ቀዳሚው ክፍል ያከመውን ጥርስ ተከታዩ ክፍል ራጅ አንስቶ ይገምግም፤ ውጤቱም ለሠራው ሰው ይነገረው። ውጤትን አለማየት ምን እንደሚያስከትል አንድ ምሳሌ እንይ፤ ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው የጎማ ሽፋን ከ1864 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ግዴታ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሐኪሞች ከተመረቁ በኋላ እንደሚተዉት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ መጠይቆች አሳይተዋል። ሽፋኑን መተው የሚያስከትለውን ጉዳት ያላየ ሰው ትእዛዙ ሲነሳለት ቢተወው አያስደንቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ የኛ ነው። ብዙ ሰው ከሕመም ለመገላገል ርካሹን መንገድ፣ ነቅሎ መጣልን፣ በሚመርጥበት አገር፣ ብዙ ሰዓትና ብዙ መሣሪያ የሚበላ ሥልጠና ቅንጦት አይሆንም? ታሪክ ሌላ ይመሰክራል። በ1910 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር በጥርስ ሥራ ስር የሚደበቀውን ኢንፌክሽን አወገዘ፤ በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ሥራ በእውነትም ብልሹ ነበር። መፍትሔው ግን ጥሩ አድርጎ ማስተማር መሆኑ ቀርቶ መንቀል ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታት ስንትና ስንት ሊድን የሚችል ጥርስ ተነቀለ። ብልሹ የሥር ህክምና ደግሞ ከሁሉ የከፋ ወጪ ነው፤ ታካሚው መጀመሪያ ለህክምናው፣ በኋላም ለመንቀሉ ይከፍላል። ገንዘብ ያነሰው አገር ሥልጠናውን ማሳጠር የማይችለውም ለዚህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በዚህ ትምህርት ውስጥ ድርሻ አለዎት። ሥሩን የታከመ ጥርስ ካለዎትና «ከዓመት በኋላ ለራጅ ይመለሱ» ከተባሉ፣ ባያምዎትም ይመለሱ።