ድንኳን የጫነ መኪና ለወይን ጠጅ ገበያው ምን ይፈይዳል?

በሰሜን ካሊፎርኒያ ከኦክላንድ ተነስተው፣ በናፓ ሸለቆ አቋርጠው ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ለሚወርዱ ባልና ሚስት የጉዞው ወጪ የሚወሰነው በነዳጅ ሳይሆን በማደሪያ ነው። በወይን ለቀማው ወራት በናፓ ከ300 ዶላር በታች አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ በመንግሥት ፓርክ ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ግን በአዳር 40 ዶላር ገደማ ነው። ሦስት አዳር ያሰቡ ጥንዶች በሆቴል 900 ዶላር የሚከፍሉትን በድንኳን በ120 ዶላር ይጨርሱታል ማለት ነው።

ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? የሆቴሉ ዋጋ የመሬት እጥረት ውጤት ነው። የናፓ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1968 የሸለቆውን መሬት ለእርሻ ብቻ የሚከልል ደንብ አወጣ። ደንቡ ወይኑን ከከተማ መስፋፋት ቢታደገውም የሆቴል ግንባታን ገድቧል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ በተካሄደ ውድድር የናፓ ወይን ጠጆች የፈረንሳይን ታላላቅ ምርቶች ማሸነፋቸው ደግሞ የጎብኚውን ቁጥር አበዛው። አቅርቦቱ ባለበት ቆሞ ፍላጎቱ ሲንር ዋጋ መውጣቱ አይቀሬ ነው።

የድንኳን ቦታ ዋጋ በአንጻሩ የሚተመነው በገበያ አይደለም። የቀበሌ ቤት ኪራይን የሚያውቅ አንባቢ ውጤቱን መገመት አያቅተውም፤ ወረፋ ነው። ቦታው ከስድስት ወር በፊት ለምዝገባ ክፍት ስለሚሆን የበጋው ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይያዛል። በገንዘብ ያልተከፈለው በጊዜ ይከፈላል።

ቅምሻውም ቢሆን ነፃ አይደለም። በናፓ ብዙዎቹ ጠማቂዎች በነፍስ ወከፍ ከ40 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍሉ፣ ጥንዶቹ በአንድ ቤት ብቻ የሁለት ሌሊት የድንኳን ኪራይ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የናፓ ካበርኔ ሶቪኞን ወይን አማካይ ዋጋ በቶን ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በንግዱ ዘንድ በተለመደው ስሌት የአንድ ጠርሙስ ዋጋ የቶኑ አንድ መቶኛ በመሆኑ ጠርሙሱ ከ80 ዶላር ይበልጣል።

ከካሊስቶጋ የሚነሳው 128 ቁጥር መንገድ ግን ወደ ሌላ ገበያ ያደርሳል። ከክሎቨርዴል እስከ ባሕሩ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአንደርሰን ቫሊ በኩል ያልፋል። ከውቅያኖሱ የሚገባው ጉም አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው እዚህ የሚለማው ፒኖ ኗር ነው። የቅምሻ ዋጋውም ከናፓ በእጅጉ ያነሰ ነው። አነስተኛ ጠማቂ ከደጁ ሲሸጥ የጅምላ ነጋዴውና የቸርቻሪው ድርሻ ስለሚቀርለት፣ አልፎ ሂያጅ መንገደኛ ለእሱ ዋነኛ ደንበኛው ነው።

የፓርኮች ጉዳይ የሕልውና ጥያቄ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ መንግሥት በ22 ሚሊዮን ዶላር የበጀት ቅነሳ ሳቢያ 70 ፓርኮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በናፓ ያለው ቦቲ፣ በአንደርሰን ቫሊ ያለው ሄንዲ ዉድስና በባሕሩ ዳርቻ ያለው ራሽያን ገልች ከተዘረዘሩት መካከል ነበሩ። ሦስቱም ቢዘጉ ኖሮ በዚህ መስመር በ40 ዶላር ማደር የሚሻ መንገደኛ ብዙ አማራጭ ባልቀረው ነበር። የናፓ አውራጃ የፓርክ ድርጅት ቦቲን ተረከበ፤ የሄንዲ ዉድስ አካባቢ ነዋሪዎችም ማኅበር አቋቁመው ለፓርካቸው ተሟገቱ። የሚገርመው ግን በሐምሌ 2012 የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት 54 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሳያሳውቅ በሒሳቡ ይዞ መቆየቱ መጋለጡ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ለጥንዶቹ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ስሌት ቀላል ነው። በናፓ አንድ ቤት ብቻ ቀምሰው፣ ጠርሙሱን ከአንደርሰን ቫሊ ገዝተው፣ ለባሕሩ ዳርቻ ብርድ ወፍራም ብርድ ልብስ ቢይዙ ያዋጣቸዋል። የደም አልኮል መጠኑ 0.08 በመቶ የደረሰ አሽከርካሪ በሕግ ስለሚጠየቅ ግን መሪውን የሚይዘው ሰው መቅመሱን ይተወው። ከማደሪያ ካተረፉት 780 ዶላር ላይ ለአልኮል ክስ ጠበቃ መክፈል የቁጠባውን ትርጉም ያጠፋዋል።